የዒጥር ቤት በአማና ይቆማል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ባለፈው ዒድ ዋዜማ ከአባላት መዋጮ ላይ ትንሽ ቀንሰን አንድ ጠርሙስ የዓረብ ሽቶ ገዝተን ነበር። ሐሳባችን ከሶላት በፊት በሩ ላይ ቆመን ለሚገባው ወንድም ሁሉ እጁ ላይ ጠብ ማድረግ ነበር። ሻጩ «ንጹህ ዑድ ነው፤ ከመካ የመጣ» አለን። እኛም ደስ ብሎን ከፈልን። ጠዋት ላይ ሽታው ጥሩ ነበር፤ ዙህር ሳይደርስ ግን ከእጃችን ጠፋ። የተረፈው ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የምግብ ዘይት የምግብ ዘይት ይል ጀመር።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ነገር ግን የወንድሞችና የእህቶች መዋጮ ነው፤ አማና ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ሽቶ ለመጻፍ ተነሣን። አንዳንድ የዓረብ ሽቶ ቤቶች ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሲዘልቁ እኛ የገዛናት ጠርሙስ ግማሽ ቀን ያልቆየችው ለምንድን ነው? መልሱን ስንፈልግ ነገሩ ከራሳችን አገር የጀመረ ሆኖ አገኘነው።

ዝባድ ከሐበሻ ምድር ወደ መዲና

እናታችን ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ)፣ ረምላ ቢንት አቢ ሱፍያን፣ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙስሊሞች አንዷ ነበሩ። ባላቸው በስደት አገር ሞተ፤ በሰው አገር ከልጃቸው ጋር ቀሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ነጃሺ መልእክት ልከው አገቧቸው። ንጉሡ ኒካሑን አስፈጸሙ፤ መህሩንም 400 ዲናር ከራሳቸው ከፈሉ።

ኢብኑ ሰዕድ በ«ጦበቃት» ኪታባቸው ላይ እንደዘገቡት፣ የምሥራቹን ለኡሙ ሐቢባ ያመጣችው አብረሃ የምትባል የንጉሡ አገልጋይ ነበረች። በማግስቱ ይህችው ሴት የንጉሡ ሚስቶች የላኩትን ሽቶ ይዛ መጣች፤ ዑድ፣ ወርስ፣ ዓንበር፣ እንዲሁም ብዙ ዝባድ። ኡሙ ሐቢባ ይህን ሁሉ ይዘው መዲና ገቡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በርሳቸው ላይ ያዩት ነበር፤ ቤታቸውም ውስጥ ያዩት ነበር፤ አልነቀፉትም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዛሬ «የዓረብ ሽቶ» እያልን ከውጭ የምንጠብቀው ነገር በዚያ ዘመን ከሐበሻ ቤተ መንግሥት ወደ ነቢዩ ቤት የሄደ ስጦታ ነበር። በስጦታው ውስጥ የነበረው ዝባድ ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የአገራችን ዋና የንግድ ዕቃ ሆኖ ቆይቷል።

ስለ እናታችን ኡሙ ሐቢባ ሌላም የምናውቀው አለ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አባታቸው አቡ ሱፍያን በሞቱ በሦስተኛው ቀን ሽቶ አስመጥተው ተቀቡ። ሽቶ አምሯቸው አልነበረም። አንዲት ሙእሚን ከባሏ በቀር ለማንም ከሦስት ቀን በላይ ሐዘን እንዳትቀመጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለከለከሉ፣ ትእዛዙን ለመፈጸም ብለው ነበር። ሽቶ በእርሳቸው ቤት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ኒያ ያለበት ሥራ ነበር።

ዝባድ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሚስክና ዝባድን አንድ እናደርጋቸዋለን። ሚስክ የሚገኘው በእስያ ተራሮች ከሚኖር ከአንድ ዓይነት አጋዘን ነው። ዝባድ ግን የሚገኘው ከጥርኝ ነው። ጥርኝ በሌሊት የሚወጣ፣ ሰውነቱ ነጠብጣብና መስመር ያለበት የዱር እንስሳ ነው። ከጅራቱ ሥር ባለው ከረጢት ቅባት ይሠራል፤ በዚህ ቅባት ድንጋዩንና ዛፉን እያሻሸ አካባቢውን ያመለክታል። ቅባቱ እንዳለ ሲሸተት ይከብዳል፣ ያስነጥሳልም። በጣም ጥቂቱ ከሌላ ሽቶ ጋር ሲቀላቀል ግን ሌላውን ይይዘዋል፣ ያቆየዋል። የሽቶ ሠሪዎች ለዝባድ ብዙ ገንዘብ ሲከፍሉ የኖሩት ለዚህ ነው። ፈረንጆቹ ጥርኙንም ቅባቱንም የሚጠሩበት ስም ራሱ ዝባድ ከሚለው የዓረብኛ ቃል የተወሰደ ነው።

በአገራችን ጥርኝ ሲረባ የኖረው በተለይ በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ አካባቢ ሲሆን፣ ሥራውን የያዙት በልማድ ሙስሊም ገበሬዎች ናቸው። ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ሙያ ነው። ወንዱን ጥርኝ ከዱር ይዘው በእንጨት በተሠራ ጠባብ ጎጆ ያኖሩታል። ገንፎ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ይመግቡታል፤ ቤቱም እንዲሞቅ እሳት ያነዳሉ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዎች ይይዙትና ቅባቱን በማንኪያ ይጠርጉታል። የተሰበሰበው በከብት ቀንድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ወደ ገበያ የሚወጣውም በዚያው በቀንዱ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእናሪያ አካባቢ የተነሣው ዝባድ፣ ከወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስና ከቡና ጋር፣ በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ በደቡብ ጎጃም ወደነበረው ባሶ ገበያ ይመጣ ነበር። ከመካነ ሰላም በምዕራብ በኩል ወርዶ ዓባይን የተሻገረ ሰው ጎጃም ይገባል፤ ባሶ ለእኛ የሩቅ አገር አይደለም። ከዚያ መንገዱ በጎንደር አድርጎ ወደ ምፅዋ፣ ከምፅዋም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ዓረብ ገበያ ነው። ዝባድ የሚሸጠው በወቄት ነበር፤ ወቄት ወደ 28 ግራም የሚጠጋ ሚዛን ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሲራራ፣ ሰዎችም እንደ ዕቃ ተነድተዋል፤ ይህንን ሸፍነን ስለ ንግዱ ክብር ብቻ ብናወራ አማናችንን አልጠበቅንም ማለት ነው።

የዝባድ ትልቁ በሽታ መቀላቀል ነበር። ቀንዱ ውስጥ ያለው ቅባት ቢጫ፣ ለስላሳ ነገር ነው፤ ቅቤ ቢጨመርበት በዓይን አይለይም። ስለዚህ ገዢው ሁልጊዜ ይጠራጠራል፤ የሚጠራጠር ገዢ ደግሞ ዋጋ ይቀንሳል። ቅቤ ያልጨመረው ሐቀኛ ገበሬም ከሌላው እኩል ተጎጂ ይሆናል። አንድ ሰው የሚያታልለው አንድ ገዢ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱንም ሪዝቅ ይነካል።

የቤተሰብ ዒጥር ቤት እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ማዶ እንሻገር። በሙስሊሙ ዓለም ሽቶ ሠሪ «ዓጣር» ይባላል። ዓጣር ጥንት ሽቶ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትና ቅመምም የሚያውቅ ሰው ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ይኖር የነበረው ፈላስፋው አል ኪንዲ ስለ ሽቶ አሠራርና ስለ ማንጠር ከመቶ በላይ አሠራሮችን የያዘ ኪታብ ጽፏል። የሚገርመው ከነዚህ ውስጥ ውድ የሆኑትን እንደ ሚስክ ያሉትን በሌላ ነገር ማስመሰያ መንገዶችም አሉበት። እውቀቱ ያው አንድ እውቀት ነው፤ ለሐቅም ለማታለልም ይሆናል። ልዩነቱ የያዘው ሰው ላይ ነው።

ዛሬ ካሉት ስመ ጥር ቤቶች ዓብዱል ሰመድ አል ቁረሺ የተመሠረተው በመካ በ1852 (እ.ኤ.አ) ነው። አል ሐረመይን ደግሞ በ1970 (እ.ኤ.አ) መካ ውስጥ ሥራ ጀመረ። የሁለቱም ገበያ መጀመሪያው ሐጅና ዑምራ የመጣው ሕዝብ ነው። ሐጃጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ዘምዘም፣ ተምር፣ ሙስበሐና ትንሽ ጠርሙስ ዒጥር ይዞ ይሄዳል። ያቺ ጠርሙስ ቤቱ ሄዳ ትከፈታለች፤ ዘመድ ይቀባላታል። ጥሩ ከሆነች ቀጣዩ ሐጃጅ ያንኑ ሱቅ ይጠይቃል። መጥፎ ከሆነች የሱቁ ስም እዚያው መንደር ላይ ያልቃል። ጋዜጣ ሳይኖር ስማቸው የተሸከመው በሐጃጅ ሻንጣ ነበር።

የአጅማል ቤተሰብ ታሪክ ለእኛ የገጠር ልጆች የበለጠ ይቀርባል። ሐጂ አጅማል ዓሊ ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ከአሳም ክፍለ ግዛት የመጡ የገበሬ ልጅ ነበሩ። አካባቢያቸው ዑድ የሚገኝበት ዛፍ የሚበቅልበት አገር ነው። በ1951 (እ.ኤ.አ) ቦምቤይ ላይ ሥራቸውን መሠረቱ፤ በ1970ዎቹ ወደ ዱባይ ዘለቁ። ልጆቻቸው ገቡበት፣ ከዚያም የልጅ ልጆቻቸው። ቤተሰቡ በትውልድ አገሩ በሆጃይ ሆስፒታልና ትምህርት ቤቶች አቋቁሟል። ከጫካ ዳር የተነሣ ገበሬ፣ አገሩ የሚያበቅለውን ነገር አውቆ፣ ራሱ አንጥሮ፣ በራሱ ስም ሸጠ። እኛ ግን ዝባዱን በቀንድ፣ እጣኑን በጆንያ ሸጠን ስሙን ለሌላ ተውን። ይህ ሊያስቆጨን ይገባል።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ሥራ ሦስት ነገር ላይ ያርፋል።

የመጀመሪያው ትዕግሥት ነው። ዑድ ማለት ጤነኛ ዛፍ ማለት አይደለም። ዛፉ ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ መሰል ነገር በግንዱ ውስጥ ያመነጫል፤ ይህ ዓመታት ይወስዳል። እንጨቱ ተለቅሞ፣ ተፈልጦ፣ ውሃ ውስጥ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይዘፈዘፋል። ከዚያ ይቀቀላል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ከውሃው በላይ የሚንሳፈፈው ጥቂት ዘይት ይቀዳል። ያ «ዱህን አል ዑድ» ነው። እሱንም ቶሎ አይሸጡትም፤ እንዲበስል ያቆዩታል። የሚሸጠው በቶላ ነው፤ አንድ ቶላ 11.66 ግራም ገደማ ነው። ዋጋው ከወርቅ ጋር የሚወዳደር ዑድ አለ። እንግዲህ እኛ በጥቂት መቶ ብር «ንጹህ ዑድ» ስንገዛ ሒሳቡን አላሰብነውም ማለት ነው።

ሁለተኛው አፍንጫ ነው። ልጅ ከአባቱ ሱቅ ተቀምጦ ዓመታት ሲያሸት ያድጋል። የየትኛው ጫካ እንጨት እንደሆነ፣ የተቀላቀለበት ምን እንደሆነ በሽታ ይለያል። ይህ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ እውቀት አይደለም፤ ከሸይኽ ፊት ተቀምጦ እንደሚገኝ ቂርኣት ነው።

ሦስተኛው ስም ነው። በድርጅት ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፤ ጥፋቱም ከሱ ጋር ይሄዳል። በቤተሰብ ቤት ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የአባትህ ስም ነው። አንድ መጥፎ ጠርሙስ የምታሰድበው አባትህን ነው።

የእናቶቻችን ዒጥር ቤት

«ይሄ ሁሉ የሀብታም አገር ወሬ ነው» የሚል ይኖራል። ወደ ወሎ ቤት እንግባ እንግዲህ።

ከመካነ ሰላም እስከ ቱሉ አውሊያ፣ ከወግዲ እስከ ከላላ፣ እናቶቻችን የሽታ እውቀት አላቸው። ቡና ሲፈላ እጣን ማጨሻው ላይ ይደረጋል፤ ዱዓው በእጣኑ ጢስ ውስጥ ይደረጋል። ለዓረፋና ለመውሊድ ቤቱ በሉባንጃ ይታጠናል። ሉባንጃ የሚለው ቃል ራሱ «ሉባን ጃዊ» ከሚለው ዓረብኛ የመጣ ነው፤ የጃዋ እጣን ማለት ነው። ከዓረብ ነጋዴ መርከብ ወርዶ በሲራራ ተጭኖ የእናቶቻችን ማጨሻ ላይ የደረሰ ስም ነው። የወሎ ሴት የወይባ ጢስ ትሞቃለች፤ ቅቤዋን በአደስ ታሸተዋለች፤ አሪቲውን ታውቃለች። የትኛው እንጨት ጢሱ ዓይን እንደሚያቃጥል፣ የትኛው እጣን አፈር የተቀላቀለበት እንደሆነ ከልጅዋ ፊት ከእሳቱ ላይ ጣል አድርጋ ታሳያታለች።

ይህም የቤተሰብ ዒጥር ቤት ነው። ሱቅ የለውም፣ ጠርሙስ የለውም፤ ግን ትዕግሥቱም አፍንጫውም ስሙም አለው። በየጎረቤቱ «የእገሊት ቤት እጣን» የሚባል አለ። ጥሩ እጣን የምትለይ እናት ለጎረቤቷ ስትገዛ ለራሷ እንደምትገዛው አድርጋ ነው። ይህንን እውቀት ለመጠየቅ ዱባይ መሄድ አያስፈልግም፤ ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ማጨሻው ዳር መቀመጥ ይበቃል።

አንድ ሱራ፣ ሁለት ነገር

ቁርኣን ውስጥ ሚስክ በስሙ የተጠቀሰው በሱረቱል ሙጠፊፊን ነው፤ የጀነት ሰዎች የሚጠጡት መጠጥ መታሸጊያው ሚስክ እንደሆነ፣ ተሽቀዳዳሚዎችም ለዚያ መሽቀዳደም እንዳለባቸው አላህ (ሱ.ወ) ይነግረናል። ይህ ሱራ ግን የሚጀምረው በምንድን ነው? ለራሳቸው ሲሰፍሩ አሟልተው፣ ለሰው ሲሰፍሩ በሚያጎድሉ ሰዎች ላይ በሚወርድ ማስጠንቀቂያ ነው። የሱራው ስምም ከነርሱ የተወሰደ ነው።

ሚዛን የሚያጎድለው ሰውና ሚስኩ በአንድ ሱራ ውስጥ ናቸው። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ወደዚያ ሚስክ የሚወስደው መንገድ በሚዛኑ ላይ ያልፋል። ዒጥር በቶላና በጠብታ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ማጉደል በጣም ይቀላል። ሁለት ጠብታ ዘይት ማን ያያል? አላህ ያያል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥሩ ጓደኛን በሚስክ ሻጭ መስለውታል፤ መጥፎውን ደግሞ ወናፍ በሚነፋ ሰው። አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ሚስክ ሻጩ ወይ ይሰጥሃል፣ ወይ ትገዛዋለህ፣ ቢያንስ ቢያንስ ጥሩ ሽታ ታገኝበታለህ። ብዙ ጊዜ ይህንን ሐዲስ ስለ ጓደኛ ምርጫ ብቻ እንሰማዋለን። ነገር ግን ስለ ሻጩም ይናገራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጥሩ ሰው ምሳሌ ያደረጉት ነጋዴ ነው፤ ሳይገዛው የሄደ ሰው እንኳ የሚጠቀምበት ነጋዴ። የሚያታልል ዓጣር ይህንን ምሳሌ ያበላሸዋል።

ቀደምት ዑለማዎችም ነገሩን ዝም ብለው አልተዉትም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አሽ ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች በጻፉት ኪታብ ውስጥ ሽቶና ቅመም ሻጮች ስለሚፈጽሙት ማጭበርበር፣ ተቆጣጣሪውም እንዴት እንደሚለየው ዘርዝረዋል። የሽቶ ሐቀኝነት ለሻጩ ሕሊና ብቻ የተተወ አልነበረም፤ የሕዝብ ጉዳይ ነበር።

የእንስሳውና የዛፉ ሐቅ

አማና ለገዢ ብቻ አይደለም። ዓረቦች ጥርኝን «የዝባድ ድመት» ይሉታል። ድመት ስንል ደግሞ ድመቷን አሥራ፣ ሳታበላትና ራሷ እንድትፈልግ ሳትለቃት ስለገደለችው፣ በዚህም ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን። ጥርኝ በጠባብ ጎጆ መዞሪያ አጥቶ፣ ሲጠረግ እየቆሰለ መኖሩ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ላይ ብዙ ወቀሳ አምጥቷል። ሻኔል የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት ከ1998 ጀምሮ የተፈጥሮ ዝባድን ትቶ በሰው ሠራሽ እንደተካ አስታውቋል። ሰው ሠራሹ የመጣው የዝባድ ሽታ ምንጭ የሆነው ንጥረ ነገር ስለታወቀ ነው፤ አወቃቀሩን በ1926 የገለጸው ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1939 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በዚህ ግቢ ኬሚስትሪ የምትማሩ ልብ በሉ፤ ከአገራችን ቀንድ የወጣው ነገር የሌላ አገር ላቦራቶሪ እውቀት ሆኗል።

ፊቅሁን ለሚጠይቅ፣ በሻፊዒ መዝሀብ ዝባድ ጦሂር ነው። ኢማም ነወዊ እንደገለጹት ግን የጥርኙ ፀጉር እንዳይቀላቀልበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጦሂር መሆኑ ግን እንስሳውን ማሰቃየት ይፈቅዳል ማለት አይደለም። ሥራውን የያዙት ገበሬዎች ወንድሞቻችን ናቸው፤ ሰፊ ጎጆ፣ የተሻለ አያያዝ፣ የተሻለ ዋጋ አብሮ መምጣት አለበት እንጂ እነሱን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

እጣኑም እንዲሁ ነው። በመተማና በቋራ፣ በትግራይ፣ በቤኒሻንጉል ቆላ የሚበቅለው የእጣን ዛፍ ቅርፊቱ በስለት እየተጫረ ይደማል፤ የደማው ሲደርቅ ይለቀማል። በልኩ ከተጫረ ዓመታት ይሰጣል። ያለ እረፍት ሲጫር ግን ዘሩ ይደክማል፤ የበቀለውን ችግኝ ደግሞ ከብትና እሳት ይጨርሰዋል። በ2019 (እ.ኤ.አ) የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ቦታዎችን ተመልክቶ፣ ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። አብዛኞቹ ቦታዎች ላይ ሽማግሌ ዛፍ እንጂ ልጅ ዛፍ አልተገኘም። የዑዱም ዛፍ እንዲሁ በመጨፍጨፉ ከ1995 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ዋናው ዝርያ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል። ልጅ የሌለው ዛፍ ወራሽ እንደሌለው ሱቅ ነው።

በግቢያችን ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ ለዕለት ኑሯችን የሚሆነውን እንውሰድ።

ለምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች። በግቢያችን ዒጥር እየሸጣችሁ ራሳችሁን የምትደጉሙ አላችሁ፤ አላህ በረካ ያድርግላችሁ። የምትሸጡት ከሌላ ዘይት ጋር የተቀላቀለ ከሆነ መቀላቀሉ በራሱ ሐራም አይደለም፤ ሐራሙ መደበቁ ነው። «ይሄ ቅልቅል ነው፣ ይሄ ሰው ሠራሽ ነው፣ ይሄ የተሻለው ነው» በሉ። ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ «ከመካ ነው» አትበሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ገዢ ሊቀንስባችሁ ይችላል። እስክትመረቁ ድረስ ግን ሰው ወደ እናንተ ይመጣል።

ለምንገዛ። ሽቶን ጠርሙስ አፍ ላይ አሽትተን አንፍረድ። እጅ ላይ ጠብ አድርገን ግማሽ ሰዓት እንቆይ፤ ከዚያ የሚቀረው ሽታ ነው እውነተኛው። በርካሽ ንጹህ ዑድ ማግኘት ዘበት ነው። አልኮል ያለበትን ሽቶ በተመለከተ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የሚጠነቀቅ ሰው ዘይቱን ዒጥር ይምረጥ፤ ሌላውን ግን አያውግዝ።

ለሁላችንም። የጁሙዓ ሱና ቅደም ተከተል አለው፤ ትጥበት፣ ሲዋክ፣ ንጹህ ልብስ፣ ከዚያ ሽቶ። ያልታጠበ ሰውነት ላይ የተቀባ ዒጥር ሁለት ሽታ ይሆናል እንጂ አንድ አይሆንም። መስጂድ ውስጥ በአንድ ረድፍ ትከሻ ለትከሻ ስለምንቆም ንጽሕናችን የጎረቤታችን ሐቅ ነው። በዶርም ውስጥ ደግሞ አስም ያለበት ወይም ሽታ የሚያሳምመው ጓደኛ ይኖራል፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ጎረቤት ነው። መስኮት ዘግቶ እጣን ማጨስ ሱና አይሆንም። እህቶቻችን ወደ ውጭ ሲወጡ ሽቶን በተመለከተ የመጣውን ሐዲስ ያውቁታል፤ በቤትና በእህቶች መካከል ግን የእናቶቻቸው ሙያ እንዳይጠፋ አደራ እንላለን። ሽቶ የተሰጠው ሰውም አይመልስ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ አይመልሱም ነበር።

የኛ ድርሻ

ስለ ዑመር ኢብኑ ዓብዱል ዓዚዝ የሚነገር አንድ ነገር አለ። የበይተል ማል ሚስክ ፊታቸው ሲቀርብ አፍንጫቸውን ያዙ። «ሽታውን ማሽተት ምን ጉዳት አለው?» ሲባሉ፣ የሚስክ ጥቅሙ ሽታው እንጂ ሌላ ምን እንደሆነ መልሰው ጠየቁ። የሕዝብ ገንዘብ ሽታው እንኳ በነጻ አይሸተትም።

እኛ ይህንን ታሪክ እያወቅን በመዋጮ ገንዘብ ጠርሙስ ስንገዛ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅንም። እጃችን ላይ አድርገን ግማሽ ሰዓት አልቆየንም። «ከመካ ነው» ሲባል ደስ አለን፣ በቃ። ስለዚህ ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። የጠርሙሷን ዋጋ የገዛነው ልጆች ከኪሳችን ወደ ጀመዓው ካዝና መልሰናል። ለሚመጣው ዒድ ደግሞ ውድ ዑድ አንፈልግም። ከእናቶቻችን አንዷ የምትመርጥልንን ጥሩ የአገራችንን እጣን ገዝተን፣ ደጁ ላይ በማጨሻ እናጨሳለን፤ ከእጣኑ ጎን ስንት እንደተገዛና ከየት እንደተገዛ እንጽፋለን። አፍንጫ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች በግዢው ላይ እንድታግዙን እንጠይቃለን።

ብዙዎቻችሁ ነገ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ መምህር፣ ነጋዴ ትሆናላችሁ። ሥራችሁ ምንም ይሁን ምን የአባታችሁ ስም የተጻፈበት ጠርሙስ አድርጋችሁ ያዙት።

አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሚዛናችንን ሙሉ ያድርግልን፤ ማሸጊያው ሚስክ ከሆነው መጠጥ ከሚጠጡት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።